ከጫንጮ እስከ ቹንቾን
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረጉት ንግግር)





በዚህ በዓል ላይ ስለ እስያ ጉዞዬ ጥቂት እንድነግራችሁ በተጠየቅሁ ጊዜ ደስታም ፍርሃትም ተሰማኝ። ደስታዬ፣ ፊደል በቈጠርሁበት ከተማ ቆሜ ለልጅ ልጆቼ እኩዮች ለመናገር በመብቃቴ ነው። የፈራሁበት ምክንያት ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ስለ ሕንፃው ርዝመትና ስለ ምግቡ ዋጋ እያወራ ሰሚውን ያሰለቻል፤ እኔም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለሁም፤ ባለቤቴ ምስክር ናት። ሁለተኛውን ምክንያት ንግግሬ ወደ መካከል ሲደርስ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በእስያ መጓዝ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩ ጊዜ በ1924 ዓ.ም. በባሕር እስከ ጃፓን ድረስ ተጕዘዋል። በተመለሱም ጊዜ ያዩትን ጽፈው ‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን› የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የተወለዱት በመርሐ ቤቴ ነው፤ ከመርሐ ቤቴ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው የዛሬው የመኪና መንገድም በዚህ በጫንጮ በኩል ያልፋል። ስለዚህ በዚህ አውራ ጎዳና ላይ ካለ አገር ተነሥቶ እስያን ለማየት የሄደ ሰው እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም።

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ስንነሣ አምስት ሰዎች ነበርን። እነርሱም እኔ፣ ባለቤቴ፣ የአጎቴ ልጅ፣ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጡረተኛ ወዳጄ፣ እንዲሁም ዕድሜውን ሁሉ በጎጃም መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሌላ ወዳጃችን ናቸው። ገንዘቡ ከየት መጣ እንደምትሉ አውቃለሁ። ባለቤቴ ዕቁቧ ደርሷት ነበር፤ የአጎቴ ልጅ የሁለት ዓመት ድርቆሽዋንና አንዲት የምትታለብ ላም ሸጠች፤ መምህሩ ወዳጄ ልቡን ስለሚያመው ልጆቹ በሕንድ አገር እንዲታከም ወጪውን ችለውት ነበር። ሹፌሩ ከየት እንዳገኘ እስከ ዛሬ አልነገረንም። እኛም አልጠየቅነውም።

ጉዞው ሁለት ዓላማ ነበረው። የመጀመሪያው የወዳጃችን ልብ ነው። የሁለተኛውን መነሻ ለመንገር ስለ አጎቴ አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከእናንተ መካከል አያቶቻችሁን ብትጠይቁ፣ በክረምትም በበጋም ከካፖርታቸው የማይለዩትን፣ በየማለዳው ወተት በአህያ ጭነው ወደ መንገዱ የሚወጡትን ሽማግሌ የሚያስታውሱ አይጠፉም። እርሳቸው የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘምተዋል። ቃኘው የልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም እንደ ነበረ በታሪክ ትምህርታችሁ ሰምታችሁ ይሆናል።

የጦርነቱ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1942 ዓ.ም. በሰኔ ወር የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ በገባ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን እርዳታ ጠየቀ። ኢትዮጵያ ከ14 ዓመት በፊት በጄኔቫ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ብላ ሰሚ ያጣች አገር ነበረችና ይህን ጥሪ ሰምታ ዝም ማለት አልቻለችም። ሻለቃው በ1943 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ጄኔራል ማክሬ በምትባል የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ፣ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ተጕዞ ፑሳን ከሚባለው ወደብ ደረሰ። አዛዡ ሌፍተናንት ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ከሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት በኋላ የሄዱትም ተቈጥረው፣ ተራ በተራ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ከ6,000 ይበልጣሉ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቈሰሉ፤ አንድም ሰው ለጠላት አልተማረከም።

አጎቴ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነግሩንም ነበር። ልጆች ሆነን ስለ ጦርነቱ ብንለምናቸው የሚመልሱልን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ‹ቆራ!› የሚለው ነበር። ኦሮምኛ ለማታውቁ፣ ብርድ ማለት ነው። የሱሉልታ ሜዳ በኅዳር ሌሊት ምን ያህል እንደሚቆረጥም ታውቃላችሁ፤ እርሳቸው ግን በዚያ ብርድ እየሳቁ ካፖርታቸውን ያወልቁ ነበር። ‹የት ተዋጋችሁ?› ስንላቸውም ‹በቹንቾን ወዲያ› ይሉናል። እኔም እስከ ዐሥር ዓመት ዕድሜዬ ድረስ ጫንጮ ያሉ እየመሰለኝ ጦርነቱ የተደረገው በገበያችን ማዶ ነው ብዬ አምን ነበር። ቀለሃ ለመፈለግ ሁለት ቀን ሙሉ በወንዙ ዳር እንደ ዞርሁ አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ደረስሁ።

በ1970 ዓ.ም. የ17 ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ጊዜው እንዴት ያለ እንደ ነበረ መምህሮቻችሁ ይነግሯችኋል። በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ በየሳምንቱ ውይይት ይደረጋል፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ተመርጦ ጽሑፍ ያነባል። አንድ ቀን ተራው የኔ ሆነና ስለ ኢምፔሪያሊዝም ጽፌ አነበብሁ። ይህንን ጻፍ ብሎ ያዘዘኝ ማንም የለም፤ ከጭብጨባ ፍቅር በቀር ያስገደደኝ ነገር አልነበረም። በጽሑፌም ወደ ኮሪያ የዘመቱት ሰዎች የወንድም ሕዝብን ደም በደመወዝ ያፈሰሱ ቅጥረኞች ናቸው አልሁ። አጎቴ በሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ በካፖርታቸው ተቀምጠው ነበር። ተጨበጨበልኝ። እርሳቸውም እንደ ሌላው ሰው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡና ውይይቱ እስኪያልቅ ቆይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚያ ሳምንት ከግድግዳቸው ላይ በወታደር ልብስ የተነሡት ፎቶግራፍ ጠፋ። ሜዳያቸውንም በቅቤ ቅል ውስጥ ከትተው በጎተራው ሥር እንደ ቀበሩት ያወቅነው በኋላ ነው። እኔን ግን ከዚያ በኋላም አንዲት ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። በ1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የትግላችን ሐውልት በተመረቀ ጊዜ፣ የቅርጽ ሥራውን የሠሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መሆናቸውን ሰምተው ለማየት ሄዱ። ማታ ተመልሰው ‹ሥራው መልካም ነው› ብቻ አሉ። በ1981 ዓ.ም. ዐረፉ። ይቅርታ ለመጠየቅ ዐሥራ አንድ ዓመት ነበረኝ፤ አልጠየቅሁም።

ሜዳዩን ያወጣችው ልጃቸው ናት፤ ከእኔ አምስት ዓመት ታንሳለች። የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ሜዳይ ነው፤ ለየአገሩ በየቋንቋው ተቀርጾ ስለ ነበረ የኛው በአማርኛ ነው። ሰማያዊና ነጭ የሆነው ሪባኑ በስብሶ፣ ብረቱ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ተገኘ። እርሷም ‹አንድ ቀን አባባ የዘመቱበትን አገር ካላየሁ› እያለች ስትኖር፣ የመምህሩ ልብ ምክንያት ሆነልንና ተነሣን።

በመጀመሪያ ያረፍነው በሕንድ አገር፣ ድሮ ቦምቤይ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው ከተማ ነው። ስለ ከተማይቱ ብዙ አልናገርም። ወዳጃችንን ሐኪሞቹ ስምንት ቀን መርምረው፣ መድኃኒት ሰጥተው፣ ጨውና ቅቤ ከልክለው ለቀቁት። ጨዉን ታገሠ፤ ቅቤው ግን የጫንጮን ሰው እጅግ ከባድ ቅጣት ነው። በየመንገዱ የሒሳብ መምህራን የመሰሉኝን ሰዎች አየሁ። ይህንን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኛ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ እኔንም አልጀብራ ያስተማረኝ የኬራላ ሰው ነው። በባቡር ጣቢያው ውስጥ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቈለፈ ሽማግሌ ባየሁ ቍጥር የቤት ሥራዬን ያልሠራሁ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር።

ምርመራው እስኪያልቅ አንድ ቀን ከከተማይቱ ወደ ደቡብ በመኪና ረጅም መንገድ ሄደን ጃንጂራ የሚባለውን ምሽግ አየን። ምሽጉ በባሕር መካከል በአለት ላይ የተሠራ ነው፤ ከባሕሩ ዳር በሸራ ጀልባ ይሻገሩታል። የገዙትም ሲዲ የሚባሉ፣ ዘራቸው ከአፍሪካ፣ ይልቁንም ከኛው አገር ወገን የሆነ መኳንንት ናቸው፤ ግዛታቸው ከሕንድ ጋር እስከ ተቀላቀለበት እስከ 1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ድረስ ቆይቷል። በዚያ አገር ሐብሺ የሚለው ቃል ዛሬም ይታወቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ለስድብ ይውላል፤ ይሁን እንጂ ጀልባ ቀዛፊው ከየት እንደ መጣን ሲሰማ ቃሉን በታላቅ ደስታ ነው የጮኸው። ከእነዚህ ከተሸጡት ሰዎች መካከል ማሊክ አምባር የሚባለው በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት ተወስዶ፣ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በመጨረሻ በደካን የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። የሞጎሎችን ጦር ለብዙ ዓመት መክቶ በ1626 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሞተ። በኋላ ኦውራንጋባድ ተብላ ለረጅም ዘመን የተጠራችውን ከተማ የቈረቈረ እርሱ ነው። ሹፌሩ ወዳጃችን ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ ምሽጉን አሻቅቦ አይቶ ‹ታዲያ ወደ አገሩ የሚመልሰው መኪና አጥቶ ነው?› አለ። ስቀን ስናበቃ ግን ማንም የሚመልስለት አልነበረም።

ከሙምባይ ሌሊቱን በአይሮፕላን ተጕዘን ሴኡል ገባን። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና የምግቡ ነገር ችግር ሆነ። ባለቤቴና የአጎቴ ልጅ ይጾማሉ። ኮሪያውያን ኪምቺ የሚሉት፣ በበርበሬ የተለወሰ የጎመን ዓይነት አላቸው፤ ከበርበሬው የተነሣ ሴቶቹ ወደዱት። በኋላ ውስጡ የዓሣና የጨው ሽሪምፕ ጭማቂ እንዳለበት ተሰማና፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የአገራችን ክርክር እስከ ሴኡል ተከትሎን መጣ። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። መምህሩ ጨው ስለ ተከለከለ ከክርክሩም ከኪምቺውም ውጪ ነበር።

በሴኡል የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም የሚባል ታላቅ ሕንፃ አለ። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የሞቱት ወታደሮች ስም በየአገራቸው በጥቁር ድንጋይ ተቀርጿል። ኢትዮጵያ ከተጻፈበት ስንደርስ የአጎቴ ልጅ ጓንቷን አውልቃ በጣቷ እየተከተለች ስሞቹን ማንበብ ጀመረች። የተጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ቀስ እያለች ነው። ከታች ደርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያም ወደ እኛ ዞራ ‹አባባ የሉም› አለች።

እኔም ‹በሕይወት የተመለሱት አይጻፉም› አልኋት። ይህን ታውቃለች፤ ከአገር ሳንነሣም ታውቅ ነበር። ሆኖም ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ መጥቶ የአባትን ስም መፈለግ ከዕውቀት ጋር የሚሄድ ነገር አይደለም። እንባዋን እያበሰች ‹እንኳንም አልተጻፉ፤ እኔ የት እገኝ ነበር?› አለች። የተወለደችው ከኮሪያ ከተመለሱ በኋላ ነውና።

ከሴኡል እስከ ቹንቾን በባቡር ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። አገሩ ተራራና ሐይቅ ነው፤ ሜዳው ጠባብ ነው። ባቡሩ ውስጥ ሹፌሩ የመንገዱን መሿለኪያ ሲቈጥር ሃያ ሲደርስ ተወው። ስንወርድ ብርዱ ፊታችንን መታው፤ የሣሩ ጫፍ ሁሉ በረዶ ይዞ ነበር። የአየሩን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ይህ ገና የክረምቱ መግቢያ እንደሆነ፣ በጥር ወር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እንደሚደርስ ነገሩን። የአጎቴ ልጅ ቆማ ትንፋሿ እንደ ጢስ ሲወጣ አየችና ‹ቆራ!› አለች። ባለቤቴ ምን ያስቃችኋል እስክትለን ድረስ ሁለታችንም ሳቅን።

በጎንግጂቾን ወንዝ አጠገብ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. በግንቦት ወር በተገኙበት የተመረቀ ነው። ከፊት ለፊቱ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ይገኛል፤ ጣራው እንደኛ አገር ጎጆ ሦስት ሹል ክዳን ያለው ነው። ውስጡ የወታደሮቹ ፎቶግራፍ፣ ልብስና ዕቃ ተቀምጧል። ወታደሮቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ ዶንግዱቾን በሚባል ስፍራ ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ማሳደጊያ ማቋቋማቸውንም እዚያ አነበብን። እኔ ደመወዝ የምትለዋን ቃል በአዳራሹ ፊት እንዴት አድርጌ እንዳነበብኋት ትዝ ብሎኝ ከሰዎቹ ራቅ ብዬ ቆምሁ።

የአጎቴ ልጅ ሜዳዩን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛ ነበር። እዚያ የነበረ አንድ ሽማግሌ ኮሪያዊ አየና ቀረበ። ቋንቋ አንግባባም፤ እርሷም ዝም ብላ ፈታ አሳየችው። ሰውየውም ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ፣ ልክ እንደኛ አገር ሰው በሁለት እጁ ተቀበላት። ብዙ ጊዜ አየው። የአማርኛውን ጽሑፍ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያም ወደ እርሷ እያመለከተ አንድ ቃል ጠየቀ፤ አባትሽ ነው ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። አዎን ብላ ራሷን ነቀነቀች። እርሱም እንደገና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ መለሰላት።

በዚያው አጠገብ፣ በውሃው ዳር፣ የኢትዮጵያ ቤት የሚባል ቡና ቤት አለ። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ሲሠራ የኖረ ነው። የይርጋ ጨፌ ቡና አዘዝን። ባለቤቴ ቀምሳ ቡናው መልካም ነው፣ ነገር ግን አንድ ስኒ ብቻ ሰጥተው ሂሳብ መጠየቅ ነውር ነው ብላ ፈረደች። ሌሎቹ ሐይቁን ለማየት ሲወጡ እኔና የአጎቴ ልጅ ቀረን።

እዚያ ተናዘዝሁ። ስለዚያ ቀን አዳራሽ፣ ስላነበብሁት ጽሑፍ፣ ስለ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ነገርኋት። እርሷ ትንሽ ልጅ ስለነበረች የማታውቅ መስሎኝ ነበር። ስኒዋን እያዞረች አዳመጠችኝና፣

‹እኔ እኮ ከአባባ ጎን ተቀምጬ ነበር› አለችኝ።

ምን ልል እችላለሁ?

‹ማታ ቤት ስንገባ› አለች፣ ‹እማዬ በጣም ተቈጥታ ነበር። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ወተት አይቀምስም ብላ ማለች። አባባ ግን ካፖርታቸውን ሰቅለው፣ ልጁ ንባቡ ቀና ነው፣ ትምህርቱን እንዳታሰናክሉበት አሉ። ደብተርህን በየመስከረሙ ማን የሚገዛልህ ይመስልህ ነበር?›

አባቴ የሚገዛልኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ከአጎቴ እየተቀበለ ይሰጠኝ እንደ ነበረ በ58 ዓመቴ፣ በኮሪያ አገር፣ በቹንቾን ከተማ ሰማሁ። እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርሁት በዚያ ሰው የወተት ገንዘብ ነው። ከውጭ በመስኮቱ በኩል ሹፌሩ ለባለቤቴ ፎቶግራፍ ሊያነሣት ወደ ኋላ ሂጂ፣ ወደ ኋላ ሂጂ እያለ በጭነት መኪና ልማዱ ሐይቁ ውስጥ ሊጨምራት ሲቃረብ አየን፤ ተነሥተን ወጣን።

ወደ ጃፓንም ልንሻገር አስበን ነበር፤ የብላቴን ጌታን መጽሐፍ ይዤ የሄድሁት ለዚሁ ነበር። ገንዘባችን ግን አልቋልና ከሴኡል ተመለስን። የጃፓንን ነገር ከእናንተ አንዱ ሄዶ ይንገረን።

አዳራሹ ሜዳዩን ይቀበለን እንደሆነ ሊጠይቁ የፈለጉ ነበሩ፤ የአጎቴ ልጅ ግን አልፈቀደችም። ወደ ጫንጮ መለሰችው። ዛሬም ይዛው መጥታለች፤ ያችውላችሁ በሦስተኛው ረድፍ ነጭ ነጠላ የለበሰችው። ስጨርስ ወደ ፊት ትመጣለች፤ ማየት የምትፈልጉ ተማሪዎች በተራ ቅረቡ። ሪባኑ የበሰበሰ ስለሆነ ብረቱን ያዙ፤ በሁለት እጃችሁም ተቀበሉ።